የአራጌ ድንጋዮች

አራጌ የሞተው በየካቲት ነው። በግብርና ጽሕፈት ቤት በሾፌርነት አገልግሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ መካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ ወደ ገደሉ ባዘነበለ ግቢ ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ጠዋት ደጅ ሲወጣ ያላዩት ጎረቤቶች በሩን ገፍተው ቢገቡ አልጋው ላይ እንደተኛ አገኙት። ወራሹ ደሴ የምትኖረው ታላቅ እህቱ የሻለም ብቻ ነበረች።

የሻለም ጡረተኛ ነርስ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲወለድና ሲሞት ስላየች ለቅሶ ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ወንድሟን ቀበረች፤ አርባውን አወጣች፤ ከዚያ ቤቱን ለመሸጥ ወሰነች። እሷ ደሴ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ መካነ ሰላም ላይ ቤት ይዛ ምን ታደርጋለች? ገዢ ፍለጋም አልደከመችም። ከሳዑዲ የተመለሰ ጀብሪል የሚባል ወጣት ከሚስቱ ከኢልሀም ጋር መጥቶ ቦታውን አይቶ ወደደው። የግቢው አንድ ወገን አዲሱን የኮብልስቶን መንገድ ስለሚያይ ሱቅ ሊሠራበት አሰበ። ሽማግሌ ፊት ቃል ተቀባበሉ። ቁልፉን ሐምሌ ሲገባ ልታስረክበው ተስማሙ።

በግንቦት ማለቂያ ዕቃውን ለማንሳትና የውርሱን ጉዳይ ለመጨረስ በአቀስታ በኩል በሚኒባስ መጣች። ቤት ውስጥ ብዙ ዕቃ አልነበረም። አልጋ፣ ሬዲዮ፣ ሁለት ካፖርት፣ አንድ ሣጥን ሙሉ የመኪና መፍቻ። ያ በግማሽ ቀን ታስሮ የሚያልቅ ነው። ግራ ያጋባት ግቢው ነበር።

አራጌ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ተዳፋት ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ሞልቶታል። እንዲሁ የተከመረ ድንጋይ አይደለም። እርከን በእርከን፣ አንዱ ሌላውን ተደግፎ፣ ግማሽ አካሉ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነው የተቀመጠው። በቀብሩ ጊዜ ሁሉም ደርቆ አመድ መስሎ ስለነበር የሻለም ልብ አላለችውም፤ ሴቶቹ ሻንጣቸውንና ሻርፓቸውን ሲያስቀምጡበት ብቻ ነበር ያየችው። አሁን የበልግ ዝናብ አግኝቶ፣ በየድንጋዩ መሀል ከመሬት ቀና የማይል አረንጓዴ ነገር እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። አንዱ ሐምራዊ አበባ አውጥቷል፤ ሌላው ቢጫ፤ ሌላው ሲነኩት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነጭ። ሐምራዊውን አወቀችው። ጦስኝ ነው። ደሴ ገበያ ደርቆ ሲሸጥ ለሻይ ትገዛዋለች። በሕይወት እያለ ምን እንደሚመስል ግን አስተውላ አታውቅም ነበር።

«ሰው ቢተክል ጎመን ይተክላል እንጂ» አለች ለራሷ፤ ተመልሳም ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ተዳፋቱ ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ አገኘች። ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ ወደ ስድሳው የተጠጋች ቀጭን ሴት ናት። አጭር ብረት ይዛ ከድንጋዩ ሥር ሣር ትነቅላለች። የገባችው በበሩ አይደለም፤ በታች በኩል ያለው የድንጋይ ካብ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ መተላለፊያ ሆኗል።

«እንደምን አደሩ?» አለች የሻለም።

ሴትየዋ ደንግጣ ተነሳች። «ያረቢ! ሰው መኖሩን አላወቅኩም። ይቅር ይበሉኝ እትዬ። የጋሽ አራጌ እህት ነዎት አይደል?»

«ነኝ። እርስዎስ?»

«ኡምኩልሱም እባላለሁ። ከታች ያለው ቤት የኔ ነው።» በብረቱ ወደ ቆርቆሮው ክዳን ጠቆመች። «ሰርዶ ገብቶበት ነው የመጣሁት። አሁን ካልተነቀለ ሥሩ ከጦስኙ ሥር ጋር ይተበተብና ኋላ መለየት አይቻልም።»

«ወንድሜ ለዚህ ሥራ ቀጥሮዎት ነበር?»

«ኧረ የለም» አለችና ተመልሳ ተንበረከከች።

ከዚያ በኋላ ኡምኩልሱም በየጠዋቱ መጣች። የሻለም መጀመሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ታያት ነበር። ቀናት ሲያልፉ ግን ዝም ብሎ ማየቱ አሳፈራትና እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተንበረከከች። ጉልበቷ አመማት። ሰርዶውን ስትስበው ከላይ ተበጠሰ።

«እንደሱ አይደለም እትዬ። ከሥሩ በብረቱ ያላሉት፤ ከዚያ ራሱ ይመጣል» አለቻት ኡምኩልሱም።

እጇ ሥራ ከያዘ ኡምኩልሱም ማውራት አይከብዳትም ነበር። አትክልቱ መጀመሪያ እንዴት እንደሞተ ነገረቻት።

«ከኔ በረት ፍግ ወስዶ አፈሩን አወፈረው። ጦስኙ ምን የመሰለ ሆነ! ለምልሞ፣ እንደ ስንዴ ቆሞ። ነሐሴ ላይ ከመሀሉ በሰበሰ። ‹ጠግቦ ሞተ› ብሎ ሳቀ። ይሄ ነገር ድሃ አፈር ነው የሚወደው፤ ጠጠርና አሸዋ፣ ውሃ የማይቆምበት። በአንገቱ ዙሪያ ጠጠር ካልተደረገለት ቅጠሉ ጭቃ ይነካና ይጠቁራል ይል ነበር።»

«ድንጋዮቹስ ለምንድን ነው ሁሉም ወደ ኋላ ያዘነበሉት?»

«ዝናቡ ወደ ሥሩ እንዲገባ ነዋ። ወደ ፊት ካዘነበለ ውሃው አፈሩን ይዞት ይወርዳል ይል ነበር። አበባው ሲያልቅም በበግ ጠጉር መቀስ ይሸልተዋል። ካልተሸለተ መሀሉ እንደ ሽማግሌ ይመለጣል ይል ነበር።»

የሻለም «ይል ነበር» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ጀመረች። ነርስ ስለነበረች፣ በሽተኛ የሚደጋግመውን ቃል መያዝ ልማዷ ነው።

አንድ ጠዋት ዝናብ ድንገት ወረደና ሁለቱም ወደ ቤት ሮጡ። የሻለም ሻይ ጣደች። ከመጣች ጀምሮ ስኳር አጥታ መራራ ሻይ ነበር የምትጠጣው፤ ወንድሟ ስኳር አይወድም ብላ ደምድማ ነበር። ኡምኩልሱም ሻርፗን እያራገፈች ወደ ሬዲዮው ሄደች፤ ከበስተጀርባው እጇን ሰደደችና የስኳሩን ጣሳ አወጣች። ከዚያ ያደረገችው ገብቷት ጣሳውን እንደያዘች ቆመች።

«ጉንዳን እንዳይደርስበት ነው እዚያ የሚያስቀምጠው» አለች።

የሻለም ሻዩን ቀዳች። «ወንድሜ ለእርስዎ ምንዎ ነበር?»

«አንቺ ይበሉኝ እትዬ። ታላቄ ነዎት።»

«እሺ። ወንድሜ ምንሽ ነበር?»

ኡምኩልሱም ስኳሩን ጨምራ ለረጅም ጊዜ አማሰለችው። «ጎረቤቴ ነበር» አለች። «ባለቤቴ ሞቶ፣ ልጄ ሙሐሲን ሪያድ ከሄደ በኋላ አንድ ክረምት የጓዳዬ ግድግዳ ወደቀ። መጥቶ ሠራልኝ። እኔ ወተት ላክሁለት። እንዲህ ነው የተጀመረው።» ቀና ብላ ዝናቡን አየች። «በኋላ ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«እንጋባ ብሎ ነዋ። ‹አንቺ ሃይማኖትሽን እንደማትለቂ አውቃለሁ፤ እኔ እሰልማለሁ› አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለኔ ብሎ የሚሰልም ሰው ለአላህ አልሰለመም አልኩት። እኔ የሞትኩ ቀን ምን ሊሆን ነው? ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሊመለስ? ወይስ በማያውቀው ሊቀር?»

«እሱስ?»

«‹እሺ› አለ። በቃ፣ እሺ። አንድ ቀን ሙሉ አልታየም። በማግስቱ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ወጥቼ ባይ እዚች ተዳፋት ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን ድንጋይ ይቀብራል። ‹ምን እየሠራህ ነው?› ብለው ‹አብረን የምንሠራው ነገር ያስፈልገናል› አለኝ። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበር። ደጋ ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር ጋቢናው ውስጥ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይመጣል። እኔ አጠጣለሁ፣ አርማለሁ። ሰው ቢጠይቅ ጎረቤቴን አገዝኩ እላለሁ። ውሸትም አይደለም።»

የሻለም የቀብሩን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ይህችን ፊት አላስታወሰችም። «የተቀበረ ቀን የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፤ ከሴቶቹ ጋር ድስት ሳማስል። እንደ ጎረቤት አለቀስኩ። ከጎረቤት በላይ ሲመጣብኝ ወደ እሳቱ ተጠግቼ ጭሱን አመካኘሁ።»

የሻለም ልታቅፋት አሰበች። እንደዚያ ዓይነት ሰው ግን አልነበረችም፤ ብርጭቆዋን ደግማ ሞላችላት። ከዚያ ሳትነግራት መቆየት እንደማይቻል ስለገባት «ቤቱ እንደተሸጠ ታውቂያለሽ?» አለች።

«ሰምቻለሁ። ለሱቅ ነው አሉ። መልካም ነው፤ ቦታው ለሱቅ ይመቻል።»

ለድንጋዩ አልለመነችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ይህ አለመለመኗ የሻለምን ቀኑን ሙሉ አበሳጫት።

ሰኔ እንደገባ አንድ ቀን የሻለም ለወረቀቱ ጉዳይ ወጥታ ስትመለስ የዲጂኖ ድምፅ ከሩቅ ሰማች። ግቢው ውስጥ ሦስት የቀን ሠራተኞች የታችኛውን እርከን እየፈነቀሉ ነው። ድንጋዮቹ ተገልብጠው ጥቁር ሆዳቸው ይታያል። ጦስኙ እንደ ተገፈፈ ቆዳ በየቦታው ተጥሏል። ኡምኩልሱም ከካቡ ማዶ፣ በራሷ ግቢ በኩል ተቀምጣ፣ ወደ እሷ የተወረወረውን እያነሳች እርጥብ ጆንያ ውስጥ ትከታለች።

ጀብሪል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት መጣ። «እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ሲመለሱ ልነግርዎ ነበር። መሠረቱን ክረምቱ ሳይገባ ካላስቆፈርኩ ዓመቱ ያልፈኛል።»

«ቁልፉን በሐምሌ አይደል ያልነው?»

«ቤቱን መች ነካሁት? ድንጋዩን እኮ ነው።»

«እኔም የምፈልገው ድንጋዩን ነው» አለች የሻለም።

ጀብሪል ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ አቆመ። «ለምን? ደሴ ሊወስዱት ነው?»

«ከነአትክልቱ ይነሳል። ሰኔ እስኪጋመስ፣ መሬቱ በደንብ እስኪርስ ታገሠኝ። ደረቅ መሬት ላይ ከተነቀለ ይሞታል።»

«እትዬ፣ ቃላችን ላይ የአትክልት ነገር አልነበረም» አለ ጀብሪል። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ቅር ብሎታል። «እኔ ሠራተኛ ይዤ፣ ሲሚንቶ አስመጥቼ ነው ያለሁት። ለጦስኝ ብዬ ሥራ ላቁም? ተራራው ሙሉ ጦስኝ አይደል?»

እውነቱን ነበር። የሻለምም እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። የወንድሟን ነገር፣ የኡምኩልሱምን ነገር ለዚህ ልጅ የመንገር መብት የላትም።

የጀብሪል ሚስት ኢልሀም እስካሁን ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ወደ ካቡ ሄዳ ከማዶ የተቀመጠችውን ሴት አየች፤ ጆንያውንም አየች። ኡምኩልሱም ዓይኗን አላነሳችም። ኢልሀም ተመልሳ መጥታ ባሏን ክንዱን ነካ አደረገችው።

«ከመንገዱ በኩል አስጀምራቸው» አለችው። «እዚያስ መቆፈር አለበት አይደል? ያ እስኪያልቅ ይሄ ይነሳል።»

«መሬቱ እዚያ አለት ነው። ይደክማቸዋል።»

«ይድከማቸዋ። ተው ጀብሪል፣ የሰው ልብ አትስበር።»

ጀብሪል ሠራተኞቹን ጠርቶ ወደ መንገዱ ወሰዳቸው። የሻለምን ሳያያት «ሰኔ ሲጋመስ» አለ።

«ሰኔ ሲጋመስ» አለች።

የዚያኑ ዕለት ካቡን ተሻግራ ወደ ኡምኩልሱም ግቢ ገባች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ግቢው ሜዳ ነው፤ አፈሩም ውሃ ሲነካው የሚያብጥ፣ ጫማ የሚይዝ መረሬ። የሻለም እንኳ እዚህ ምን እንደሚሆን አወቀች።

«እዚህ ከተተከለ በአንድ ክረምት ይበሰብሳል» አለች ኡምኩልሱም። «ለዚህ ነው ያላስቸገርኩዎት።»

«ከፍ እናደርገዋለን እንግዲህ።»

«በምን?»

«በድንጋይ ነዋ። እሱስ በምን አደረገው?»

ኡምኩልሱም አየቻት። ከዚያ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና ከግድግዳው ሥር ፀሐይ የሚውልበትን ቦታ በእግሯ ለካች።

የአህያ ጋሪ ያለው ሰው ከወንዝ ጠጠርና አሸዋ አመጣ። ከሥር ትልልቁን ድንጋይ ረበረቡ፤ ከላይ ጠጠር፣ ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር። ጉብታው ከፍ እያለ ሄደ። የአራጌን ድንጋዮች ከማንሳታቸው በፊት ኡምኩልሱም የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደነበረ በከሰል ምልክት አደረገችባቸው፤ ዝናቡ አጠበውና ልፋቷ ከንቱ ሆነ። ከዚያ በኋላ በግምት ሠሩ። አንዳንዱ ድንጋይ በአዲሱ ቦታ አልቀመጥ አለ። አንዱ ተንሸራትቶ የሻለምን አውራ ጣት ጥፍር አጠቆረው። ሰፈሩ ውስጥ የሟች እህት ቤቱን ሽጣ ድንጋዩን ወረሰች እየተባለ ተሳቀ። የሻለም ሰማች፤ እሷም ቢሆን ሌላ ሰው ሲያደርገው ብታይ ትስቅ ነበር።

ዝናቡ ሲረጋ አትክልቱን ማንሳት ጀመሩ። ኡምኩልሱም ምንጣፉን በቢላ ከዳር እስከ ዳር ትቆርጣለች፤ የሻለም ከሥሩ ሁለት እጇን አስገብታ እንደ አራስ ልጅ ታነሳለች። ይህን ዓይነት ማንሳት ታውቅበታለች። ትልቁ ድንጋይ፣ አራጌ መሀል ላይ ያቆመው፣ አልተነቃነቀም። ተዉት። ጀብሪል በኋላ አስፈልጦ ለመሠረቱ ተጠቀመበት።

ዓርብ ከሰዓት ሙሐሲን ከሪያድ በቪዲዮ ደወለ። ሁልጊዜ ዓርብ ይደውላል። ኡምኩልሱም እጇ ጭቃ ስለነበር የሻለም ስልኩን ያዘችላት።

«እማ፣ ምንድን ነው ያ ሁሉ ድንጋይ?» አለ ልጁ። «ግቢውን ሊሾ ላስደርግልሽ ነው ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ማነው ያመጣው?»

ኡምኩልሱም እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «የጋሽ አራጌ ነው።»

የሻለም ኔትወርክ የተቋረጠ መስሏት ስክሪኑን አየች። ልጁ አለ፤ ወደ ጎን እያየ ነው።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ያኔ እንደጠየቀሽ። ሰው ነግሮኝ ነበር። አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ። እኔ እኮ አልከለክልሽም ነበር፣ እማ።»

የሻለም ስልኩን አስቀምጣ መሄድ ፈለገች። ግን የምታስቀምጥበት ደረቅ ቦታ አልነበረም።

«አንተ አልከለከልከኝም» አለች ኡምኩልሱም። ድምጿ ሰርዶ ስትነቅል እንደሚሆነው ነበር፤ አልተለወጠም። «ያመንኩበትን ነው ያደረግሁት። ዛሬም ቢመጣ ያንኑ እለዋለሁ። አልጸጸትም፤ ይከፋኛል እንጂ።»

«እሺ እማ» አለ ልጁ። ቆየት ብሎም «ሊሾው እንግዲህ ከድንጋዩ ወዲህ ይሁን» አለ።

«ከድንጋዩ ወዲህ ይሁን። ደህና እየበላህ ነው?»

ስለ ምግብ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አንዲት ላም አወሩ። ስልኩ ሲዘጋ ኡምኩልሱም ጀርባዋን ሰጥታ ካቡን ተደግፋ ቆመች። የሻለም ጠበቀቻት። ከዚያ ሁለቱም የቀረውን ድንጋይ አነሱ።

የሻለም ሐምሌ ሲገባ ቁልፉን አስረክባ ወደ ደሴ ሄደች። የክረምቱን ወሬ በስልክ ነበር የምትሰማው። ሐምሌ ላይ በረዶ ወርዶ ሁሉንም ደበደበው። ጦስኙ ሥር ይዟል። ቢጫው ግማሹ ይዟል፤ ግማሹ ገና አልታወቀም። ነጩ ጠቁሯል። የሻለም ልጇ ቤት መስኮት ላይ ቆማ ዝናቡን እያየች ውሃው ከጉብታው ይወርድ ይሆን ወይስ ይቆም ይሆን ብላ ስታስብ ራሷን አገኘችው።

በጥቅምት የስም ማዛወሩን ለመፈረም ተመልሳ መጣች። የጀብሪል ሱቅ እስከ መስኮቱ ራስ ደርሷል። እሱም ሲያያት ዕቃ ጥሎ መጣና «ከግንባታ የተረፈ ጠጠር ነበር፤ ለኡምኩልሱም ልኬላታለሁ» አላት። ኢልሀም በየጠዋቱ ለሻይ ጦስኝ ልትቆርጥ በካቡ በኩል ትሻገራለች።

ጉብታው እንደ አራጌ ተዳፋት አላማረም። አንድ ወገኑ ሰጥሟል፤ ነጩ የነበረበት ቦታ ባዶ ጠጠር ሆኗል። ጦስኙ ግን ድንጋዮቹን ታቅፎ ወደ ታች መውረድ ጀምሯል። ሁለቱ ቆመው ሲያዩት ከከላላ ገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት በበቅሎዋ ላይ ሆና ከካቡ በላይ ተመለከተች።

«ምንኛ ያምራል! ማነው የተከለው?»

የሻለም ልትመልስ አፏን ስትከፍት ኡምኩልሱም ቀደመቻት።

«አራጌና እኔ» አለች።

ሴትየዋ አራጌ ማን እንደሆነ አላወቀችም። መርቃ አለፈች።

የሻለም በምትመለስበት ጠዋት ኡምኩልሱም «እስከ ደጋው ልሸኝዎት» ብላ አብራት ሚኒባስ ላይ ወጣች። ጆንያና ቢላ ይዛለች። ወደ አቀስታ የሚወስደው መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የሚቆረጠው ገደል በቀይ ቀለም ተቀብቷል። አንድ መታጠፊያ ላይ ሾፌሩን አስቆመች።

«ትንሽ ብቻ ልጄ። ሁለት ደቂቃ።»

«እናቴ፣ ሰው ጭኛለሁ!»

«አላህ ይስጥህ፣ ሁለት ደቂቃ።»

ወረዱ። ነፋሱ ቀሚሳቸውን አጣበቀው። ከቀዩ ቀለም በላይ፣ ነጩ አበባ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ፣ እንደ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ ነበር። ኡምኩልሱም መሀሉን ትታ ከዳሩ መቁረጥ ጀመረች። የሻለም ያማት የነበረውን ጉልበቷን እየደገፈች ተንበረከከችና ሁለት እጇን ከሥሩ አስገባች። መሬቱ ቀዝቃዛ ነው። ሥሩ ከጠበቀችው በላይ ረጅም ነበር፤ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ አልጨረስ አለ።

ሾፌሩ ክላክሱን ነፋ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው።

«እትዬ፣ ጥሎዎት ይሄዳል» አለች ኡምኩልሱም።

«ሌላ ይመጣል» አለች የሻለም። «ያንን በታች በኩል ያዥልኝ፤ ሊበጠስ ነው።»